በመኪና በር ውስጥ የሚጠፋው ቮልት

ከነገሌ ቦረና ወደ ዶሎ አዶ የሚጓዝ ተሽከርካሪ ደረቁንና አቧራማውን ቆላ አቋርጦ ፊልቱ ይደርሳል። ማቀዝቀዣ በሌለው መኪና የሹፌሩ ምርጫ ሁለት ነው፤ መስኮቱን ከፍቶ አቧራ መቀበል ወይም ዘግቶ በሙቀት መታፈን። ስለዚህ የመስኮቱን ቁልፍ ደጋግሞ ይጫናል። አንድ ቀን መስታወቱ ግማሽ ላይ ቆሞ ይቀራል እንበል። የበሩ የውስጥ ሽፋን ይፈታል፤ ከሞተሩ የተነቀለው ሽቦ በቴስተር ይለካል፤ 12 ቮልት ይነበባል። «ኤሌክትሪክ ደርሷል፤ የተቃጠለው ሞተሩ ነው» ይባልና አዲስ ሞተር ከሩቅ ከተማ ይታዘዛል። አዲሱ ተገጥሞም መስታወቱ አይነሣም። ገንዘቡ የባከነው በአንድ የተሳሳተ ልኬት ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ የበሩን ውስጥ እንመልከት። በዚያ ትንሽ ሞተር፣ ጠመዝማዛ ጥርስ፣ እንዲሁም መስታወቱን የሚያነሣ ክንድ ወይም የብረት ገመድ ይገኛል። ቁልፉ ወደ ሞተሩ የሚገቡትን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ያቀያይራል፤ ሞተሩም በዚያው መጠን አቅጣጫውን ይለውጣል። ጠመዝማዛው ጥርስ ክቡን ጥርስ ያዞራል እንጂ ክቡ ጥርስ እርሱን መልሶ ሊያዞረው አይችልም። የተዘጋን መስታወት በእጅ ወደ ታች ገፍቶ መክፈት የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አሳሳቹ 12 ቮልት እንመለስ። ወደ ሞተሩ የሚወስደው ሶኬት ዝጎ ሬዚስታንሱ 1 ኦም ሆኗል እንበል። ዲጂታል ቴስተር የራሱ ሬዚስታንስ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ስለሆነ የሚያሳልፈው ኮረንት ከአንድ ሚሊዮንኛ አምፔር ብዙም አይበልጥም። በኦም ሕግ መሠረት በዛገው ሶኬት ላይ የሚቀረው ቮልት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ቴስተሩ 12 ቮልት ያነባል፤ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

ሞተሩ ሲገናኝ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሞተር በሚዞርበት ጊዜ የሚመጣለትን ቮልት የሚቃረን የራሱን ቮልት ያመነጫል፤ ቆሞ ለመነሣት ሲታገል ግን ይህ መቃረን ስለሌለ ኮረንቱ ከፍተኛ ይሆናል። የቆመው ሞተር ሬዚስታንስ 0.8 ኦም ነው ብንል፣ በጤነኛ ሽቦ 12 ÷ 0.8 = 15 አምፔር ያገኝ ነበር። በዛገው ሶኬት በኩል የሚደርሰው 12 ÷ 1.8፣ ማለትም 6.7 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። የሞተሩ የማዞር ኃይል ከኮረንቱ ጋር ስለሚመጣጠን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ለሞተሩ 5.3 ቮልት ይደርሰዋል፤ 6.7ቱ ቮልት በሶኬቱ ላይ ወደ ሙቀትነት ይለወጣል። ይህም 45 ዋት ገደማ ነው። ጠቁሮ የቀለጠ የሶኬት ፕላስቲክ ያጋጠመው ሰው ምክንያቱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ቮልቱ መለካት ያለበት ሞተሩ እንደተያያዘ፣ ቁልፉም ተጭኖ ነው። በሞተሩ ሁለት ጫፎች ላይ 11 ቮልት ያህል እየታየ ካልዞረ ሞተሩን ወይም መስታወቱን የሚያነሣውን ክፍል መጠርጠር ተገቢ ይሆናል። 5 ወይም 6 ቮልት ከታየ ጥፋቱ ከሞተሩ በፊት ነው፤ በቁልፉ፣ በሶኬቱ፣ ወይም በበሩ ማጠፊያ በኩል በሚያልፈው ሽቦ። ይህ ሽቦ በር በተከፈተ ቁጥር ስለሚታጠፍ ቀጫጭን ክሮቹ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ፤ አንድ ክር ብቻ ቢቀርም ባዶ ላይ 12 ቮልት ያሳያል። ቴስተር የሌለው በሞተሩ ፈንታ የ55 ዋት የፊት መብራት አምፖል ያገናኝ። 4.6 አምፔር ያህል ስለሚስብ፣ ሽቦው ከታመመ አምፖሉ ደብዝዞ ይናገራል።

ሞተሩ ቆሞ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ እንደገና ከሠራ አልተቃጠለም። በብዙ ሞተሮች ውስጥ ሙቀት ሲበዛ መሥመሩን የሚቆርጥ፣ ሲበርድ የሚያገናኝ መከላከያ አለ። በቆላ መንገድ ለዚህ የሚዳርገው በመስታወቱ መሄጃ ላስቲክ ውስጥ የተጠቀጠቀ አቧራ ነው።

ሞተሩን የግድ መፍታት ቢያስፈልግ መስታወቱ አስቀድሞ ተደግፎ መታሰር አለበት። በመቀስ ቅርጽ የተሠራ ክንድ ካለውም ክንዱ ሳይታሰር ሞተሩ አይፈታ፤ የተጠመዘዘው ስፕሪንግ በድንገት ተፈትቶ ጣት ሊቆርጥ ይችላል። ላስቲኩን በግሪስ መቀባትም አይገባም፤ ግሪስ አቧራ ይሰበስባል። በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ካደረቁ በኋላ የሲሊኮን ቅባት በስሱ መንፋት ይበቃል።