ርእሰ ጉዳይ ገና ታሪክ አይደለም፤ በድሬዳዋ ምሳሌ የአጭር ልብ ወለድ ሐሳብ አፈላለግ

አጭር ልብ ወለድ መጻፍ የጀመረ ሰው አዘውትሮ የሚያማርረው ሐሳብ አጣሁ እያለ ነው። ስለ ምን ልትጽፍ አስበሃል ሲሉት ግን መልስ አያጣም፤ ስለ ስደት፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ጫት፣ ስለ እናት ይላል። እነዚህ ርእሰ ጉዳዮች ናቸው። ርእሰ ጉዳይ ውስጥ ሰው የለም፣ ሰዓት የለም፣ የሚያስጨንቅ ነገርም የለም። በዚህ ትምህርት የታሪክ ሐሳብ የምንለው አንድ ሰው፣ በአንድ ቦታና ሰዓት፣ ሊያጣቸው የማይፈልጋቸውን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መያዝ ሲያቅተው ነው። ጭብጡ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ካልመጣም አንባቢው ራሱ ያገኘዋል።

ብያኔ ብቻውን ደረቅ ነውና ድሬዳዋ ላይ እናውርደው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው አስቸገረ፣ ወጪው ከበደ፣ መስመሩ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ሜዳም ከተማ ሆነ። ይህን የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ ለእኛ ሥራ ግን ገና ጥሬ ነው። እስቲ አንድ ሰው እናስገባበት። ባቡሩ ሐረር ይገባል ብሎ፣ ከአማቱ ተበድሮ፣ እዚያው ሐረር መጋዘን የሚያሠራ ነጋዴ አለ እንበል። ሐዲዱ እንደማይመጣ ዛሬ ማታ ሰምቷል፤ አማቱ አልሰሙም። የቀረውን ብድር ይዘው ነገ ጠዋት ይመጣሉ። አሁን ሐሳብ አገኘን። የከተማው ታሪክ አልተለወጠም፤ የተጨመረው ሰው፣ አንድ ሌሊትና ሁለት የማይታረቁ ፍላጎቶች ናቸው፤ ገንዘቡና የአማቱ ፊት።

ሰው ፍለጋ ስትወጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ስለ ዕዳ ይሁን። ማን ለማን ምን አለበት? የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱ የተነሣው ከዚህ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት፣ በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ በታወቀው «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ወጣቱን ዋሕድን ከቤቱ የሚያስወጣው ፍቅር አይደለም። አባቱን ከምርኮ ለማስለቀቅ ገንዘብ የሰጠ ነጋዴ አለ፤ ልጁ የዚያን ሰው ውለታ ሊመልስ ይወጣና ራሱ ባርነት ውስጥ ይወድቃል። መጽሐፉን የፍቅር ታሪክ ብለን ብናስታውሰውም መንኮራኩሩን ያዞረው ዕዳ ነው። ደራሲው በ1910ዎቹ የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ሠርተዋል፤ ቀረጡም ነጋዴውም በእጃቸው ነበር ማለት ነው። መጽሐፉ ከዚያ በፊት የታተመ ስለሆነ ከተማዋ ወለደችው አንልም። ግን ለደራሲ ከጉምሩክ በር የተሻለ ወንበር ማሰብ ያስቸግራል። እዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚያሳየውና የማያሳየው ነገር አለው።

እዚህ በር ላይ ትንሽ እንቆይ። በድሮው ባቡር ከጅቡቲ ጨርቅ ጭነው፣ አንዳንዱንም ከቀሚሳቸው ሥር ጠቅልለው ወደ ድሬ የሚመጡ ነጋዴ ሴቶች ነበሩ፤ የሚፈትሻቸውም ፊናንስ የሚባለው የጉምሩክ ጠባቂ ነበር። ጀማሪ ጸሐፊ ይህን ሲያገኝ ወዲያው የሚጽፈው ስለ ብልጧ ሴትና ስለ ጨካኙ ፊናንስ ነው። ሴትዮዋ ታመልጣለች ወይም ትያዛለች፣ አለቀ። ይህ ገና ሐሳብ አይደለም፤ ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ማለፍ፣ እሱ መያዝ። ዕዳውን እንጨምርበት። ፊናንሱ ለልጁ ሰርግ ከዚህችው ሴት ጨርቅ በዱቤ ወስዷል። ዛሬ የባቡሩ ፋርጎ ውስጥ ገብቶ ያያታል፣ ዝም ብሎ ያልፋታል። በእሱ ልብ ዕዳው ተከፈለ። በእሷ ልብ አልተከፈለም፤ የጨርቁ ገንዘብ የቤት ኪራይ ነው፣ አከራይ ደግሞ ውለታ አይቀበልም። ቅዳሜ ገንዘቤን ልትል ቤቱ ትሄዳለች። ማን ነው ጥፋተኛው? ወዲያው መመለስ ካልቻላችሁ ጥሩ ነው፤ ሐሳቡ ሕይወት አለው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ አንጻሩን እንለውጥ። ሴትዮዋ አጠገቧ ለተቀመጠ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አንድ ጥቅል አስይዛዋለች። የዛሬው ፊናንስ ሌላ፣ አዲስ ሰው ነው፤ «ያንተ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። የልጁ አባት ውሸትን አጥብቀው የሚቀጡ ሰው ናቸው፤ ሴትዮዋ ደግሞ የእናቱ ጎረቤት ናት። ባቡሩ ያው፣ ጨርቁ ያው፣ ታሪኩ ግን ሌላ ሆነ፤ ምርጫው የተቀመጠው ሌላ ሰው ላይ ነዋ። ሐሳብ አለቀብኝ የሚል ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀበት ሐሳብ ሳይሆን ሰው ነው። ያንኑ ቦታ ይዞ፣ ከዳር የተቀመጠውን ሰው ወደ መሐል ቢያመጣው አዲስ ያገኛል።

ድሬ ለጸሐፊ የምትሰጠው ሌላ ሀብት ቋንቋ ነው። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ዋጋ በኦሮምኛ ተጠርቶ፣ ክርክሩ በሶማሊኛ ቀጥሎ፣ ስምምነቱ በአማርኛ ሊያልቅ ይችላል። ብዙ ጸሐፊ ይህን ለማድመቂያ ብቻ ያውለዋል፤ አንድ ሁለት ቃል ጣል ያደርግና ያልፋል። እኔ ያ ብክነት ይመስለኛል። መጠየቅ ያለበት ሰዎች የትኛውን ቋንቋ መቼ እንደሚለውጡ ነው። አንዲት ወጣት የእጮኛዋ ቤተሰቦች ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ቡና ተጠርታለች። አሮጊቶቹ እንግዳዋ አትሰማም ብለው በሐረሪኛ ስለ እሷ ያወራሉ። እሷ ትሰማለች፤ አያቷ አስተምረዋታል። እስከዚህ ድረስ ያለው ቀልድ ነው፤ በየቤቱ የሚወራ ቀልድ። ታሪክ የሚሆነው የሰማችው ስድብ ሳይሆን የምትፈልገው ነገር ሲሆን ነው፤ እጮኛዋ የደበቃት አንድ ነገር እንበል። እሰማለሁ ካለች ቤቱን ታሳፍራለች፣ ዝም ካለች ያወቀችውን እንዳላወቀች ሆና ልታገባ ነው። ሲኒውን ተቀብላ ምን ትላለች? በየትኛው ቋንቋ?

ወሬ ከመስማት ጋር የተያያዘ አንድ ጠንከር ያለ ደንብ አለ፤ መጨረሻውን አትጠይቁ። ለአሜሪካዊው ደራሲ ለሄንሪ ጄምስ በ1893 እ.ኤ.አ. የገና ዋዜማ እራት ላይ አጠገቡ የተቀመጠች ሴት አንዲት እናት ከልጇ ጋር በቤት ዕቃ መጣላቷን ጣል አደረገችለት። ያቺ ጥቂት ቃል በቃችው፤ ሴትዮዋ ዝርዝሩን ስትቀጥል በእውነት የሆነው ነገር ሐሳቡን ሲያበላሽበት ተሰማው። (አጭር ሊያደርገው አስቦ ረጅም ልብ ወለድ ሆኖበታል፤ እሱ ለሌላ ቀን።) ድሬ ላይ ይህን ደንብ መጠበቅ ከባድ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሰውን ጥላ ሥር ሲሰበስበው፣ የጫቱ በርጫ ሞቅ ሲል፣ ወሬ አዋቂው ነገሩን ከነመዝጊያው፣ ከነሳቁ ያቀርበዋል። ተዘግቶ የመጣ ወሬ ለጸሐፊ የሚተርፍ ክፍት ቦታ የለውም። መነሻውን ውሰዱና ጨዋታውን ለጨዋታነቱ ተዉት። ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይም የሰዎቹን አነጋገርና አድራጎት ብቻ አስፍሩ፤ «አሳዛኝ ነው» የሚል አስተያየት አታክሉበት።

ትልቅ መከራስ? በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። አጭር ልብ ወለድ ያንን ሌሊት ፊት ለፊት ልግጠም ካለ አብዛኛውን ጊዜ ዜና ይሆናል፤ ጎርፉ ሁሉንም እኩል ስለሚወስድ የሰው ምርጫ ይጠፋል። ከጎኑ ግቡ። ውሃው ከጎደለ በኋላ አንድ ሰው አሸዋው ውስጥ የሲንጀር ስፌት መኪና ያገኛል፣ ያጸዳል፣ ይጠግናል፣ በእሱ ሰፍቶ ልጆቹን ያበላል። በዓመቱ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ ድምፁን ታዳምጣለች፤ የሟች ባሏን መኪና በዚያ ድምፅ ታውቀዋለች። ሁለቱም እውነት አላቸው።

እንዲህ ያለውን ስትጽፉ እውነተኛ ሰው እንዳትጎዱ ተጠንቀቁ። ድሬ ውስጥ ገንደ ቆሬ ወይም መጋላ ሰፈር የሆነ ነገር ከዚራ ሰፈር ሳይደርስ አያድርም። ሙያውን፣ ሰፈሩን፣ አስፈላጊ ከሆነም ጾታውን ለውጡ። ቋጠሮውን፣ ማለትም የማይታረቁትን ሁለት ፍላጎቶች፣ ግን አትንኩ፤ እሱ የማንም የግል ንብረት አይደለም።

ሐሳቡ መያዙን ለማወቅ በሁለት ዓረፍተ ነገር ለአንድ ሰው ንገሩት። «እውነት ነው፣ ዘመኑ እንዲህ ሆኗል» ካለ የነገራችሁት ርእሰ ጉዳይ ነው፤ ተመለሱ። «ከዚያስ?» ካለ አትመልሱለት፣ ሄዳችሁ ጻፉ።

የሳምንቱ ሥራ ይህ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው፤ አሮጌው ጣቢያ፣ ለገሃር፣ መሐል ከተማ ቆሞ ቀርቷል። ዕድሜውን በድሮው ባቡር ወርክሾፕ የጨረሰ መካኒክ አለ እንበል፤ ልጁ አዲሱ ባቡር ላይ ለሥራ ልታመለክት ነው፤ ፎርሙ ላይ የእሱን ፊርማ ትፈልጋለች። የማይፈርምበትን ምክንያት ፈልጉ። ኩራት ብላችሁ እንዳትመጡ፤ ያ የመጀመሪያው መልስ ስለሆነ ሁላችሁም ታመጡታላችሁ። ሰው ያለበት፣ ገንዘብ ወይም አደራ ያለበት ምክንያት አምጡ፣ ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ።