አይሮፕላን ነጂ ለመሆን ለሚመኝ ልጅ የሚሰጥ ምክር
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የቀረበ ትምህርት

በየገጠሩ ትምህርት ቤት አይሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ ቀና ብሎ ተመልክቶ «ሳድግ እርሱን እነዳለሁ» የሚል ልጅ አይታጣም። ይህን ከሚሰሙት አንዳንዶቹ ይስቁበታል፤ አንዳንዶቹም «ያሳካልህ» ብለው መርቀው ይተዉታል። የሳቀውም የመረቀውም መንገዱን አላሳየውም። ስለዚህ መምህሩና ወላጆቹ ልጁን በእውነት እንዲመክሩት፣ ይልቁንም ዓይኑን አስቀድመው እንዲያስመረምሩለት፣ ከምርመራውም በፊት ለሥልጠና ብለው ሀብታቸውን እንዳይሸጡ ይህ ትምህርት ተጽፏል።

አንደኛ፤ ምኞቱ ሊፈጸም የሚችል ስለ መሆኑ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው ጉዞ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ተደረገ። በዚያን ጊዜ ነጂዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግን የአገር ልጆች እየተማሩ ሥራውን ተረከቡ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ሆኑ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አምሳለ ጓሉ ከአየር መንገዱ ሴቶች የመጀመሪያዋ ካፒቴን ለመሆን በቁ። እንግዲህ ሴት ልጅም ይህን ብትመኝ እንደ ወንድሟ ትመከር እንጂ አትከልከል።

ሁለተኛ፤ ስለ ሥራው ጠባይ።

ብዙ ሰው ነጂ የሚሆነው ደፋር ብቻ ይመስለዋል። ሥራው ግን ከድፍረት ይልቅ ጥንቃቄን ይፈልጋል። ቄስ ወንጌሉን በቃሉ ቢያውቀው እንኳ መጽሐፉን ገልጦ እንደሚያነብ ሁሉ፣ ነጂም ከመነሣቱና ከማረፉ በፊት የሚፈጽመውን ነገር በተጻፈለት ተራ መሠረት አንድ በአንድ ይመረምራል፤ አንዱ ሲያነብ ሌላው አይቶ ይመልሳል። ስለዚህ ያልገባውን «ገባኝ» የማለት ልማድ ያለው ልጅ ከአሁኑ ይታረም። በክፍል ውስጥ ይህ ልማድ ውጤት ያሳጣል፤ በሰማይ ላይ ግን የሰው ነፍስ ያጠፋል።

ሦስተኛ፤ ስለ ትምህርት።

ፊደል ሳይቈጥሩና ዳዊት ሳይደግሙ ቅኔ ቤት እንደማይገባ ሁሉ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ጂኦግራፊና እንግሊዝኛ ሳይጸኑ ወደ በረራ ትምህርት አይገባም። እንግሊዝኛ በዓለም አቀፍ በረራ የመነጋገሪያ ቋንቋ ነው፤ የነጂዎች ችሎታ በ6 ደረጃ ይመዘናል፣ ዝቅተኛው የሚፈቀደውም 4ኛው ነው።

ሒሳብም ለምን እንደሚጠቅም መምህሩ በዚህ ምሳሌ ያስረዳ። ነፋስ በሌለበት በሰዓት 480 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አይሮፕላን 840 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጅበታል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ቢመጣበት ፍጥነቱ 420 ይሆናል፤ ጉዞውም 2 ሰዓት ይፈጃል። በሰዓት 1,200 ኪሎ ግራም ነዳጅ የሚያቃጥል ቢሆን በተጨመረው 15 ደቂቃ 300 ኪሎ ግራም ይጨምራል። ይህን አስቀድሞ ያላሰበ ነጂ በመንገድ ነዳጅ ሊያልቅበት ይችላል።

አራተኛ፤ ስለ ዓይን።

ዓለም አቀፉ ደንብ የአየር መንገድ ነጂ እያንዳንዱ ዓይኑ ጤነኛ ሰው ከ9 ሜትር የሚያየውን ቢያንስ ከ6 ሜትር እንዲያይ፣ ሁለቱ ዓይኖቹ በአንድነት ግን እንደ ጤነኛ ሰው ከ6 ሜትር እንዲያዩ ያዛል። ይህም በመነጽር ታርሞ ቢሆን ይፈቀዳል። ስለዚህ «መነጽር ያደረገ ነጂ አይሆንም» የሚለው ወሬ ስሕተት ነው፤ በዚህ ወሬ ፈርቶ የዓይኑን ድካም የሚሰውር ልጅ ትምህርቱንም ይጐዳል። ዓይኑን አጥብቦ ሰሌዳ የሚመለከት ልጅ ቢኖር መምህሩ ወደ ሐኪም ይላከው።

ትራኮማ በብዙ ገጠር የሚገኝ የዓይን በሽታ ነው። በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል፤ ደጋግሞም ሲይዝ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌኑን እየቧጨረ ያሳውራል። ፊትን መታጠብና በጊዜ መታከም ያድናል። የነጂነት ምኞት ያለው ልጅ የመጀመሪያ ሥራው ይህ ይሁን።

ቀለም መለየትም ግዴታ ነው፤ በአይሮፕላን ግራ ክንፍ ቀይ፣ በቀኝ ክንፍ አረንጓዴ መብራት ይበራልና። ቀይና አረንጓዴን የማይለይ ልጅ ከልደቱ እንዲሁ ስለሆነ በጥናት አያሻሽለውም። መምህሩ ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን የጥልፍ ክሮች ደባልቆ እንዲለይ ያዘው፤ ቢያጠራጥር ፍርዱ የሐኪም ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ፈቃድና ስለ ገንዘብ።

በዓለም አቀፉ ደንብ የግል ነጂነት ፈቃድ ከ17 ዓመት፣ የንግድ በረራ ፈቃድ ከ18 ዓመት፣ የአየር መንገድ ካፒቴን የሚያደርገው ፈቃድ ከ21 ዓመት ጀምሮ ይሰጣል፤ ለዚህ ለመጨረሻው 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። አየር መንገዱ ሠልጣኞችን ሲቀበል የራሱን መሥፈርት ይጨምራል፤ እርሱም ስለሚለዋወጥ ራሱ ካወጣው ማስታወቂያ ይነበብ። «ገንዘብ ስጡኝ፣ አስገባዋለሁ» የሚል ደላላ ቢመጣ አትመኑት።

በግል የሚከፈልበት ሥልጠና እጅግ ውድ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎች ሆይ፣ ተራውን ጠብቁ፤ መጀመሪያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን በፈቀደለት ሐኪም ዘንድ ሙሉ ምርመራ ይደረግ፣ ገንዘብ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ይሁን። በሬውን ሸጦ ከከፈለ በኋላ ልጁ ቀለም እንደማይለይ የሚሰማ አባት ሁለት ኀዘን ያገኘዋል።

ስድስተኛ፤ ያልተሳካለት ስለሚሆነው።

አይሮፕላን በነጂ ብቻ አይበርም። ሞተሩን የሚጠግነው፣ የአየሩን ጠባይ የሚተነብየው፣ ጭነቱን መዝኖ የሚያከፋፍለው ሁሉ የበረራው ባለቤቶች ናቸው። ለነጂነት የተጠናው ሒሳብና እንግሊዝኛ ለእነዚህም ስለሚያገለግል የልጁ ድካም ከንቱ አይቀርም። ልጁ ይህን ከመጀመሪያው ይወቅ፤ በኋላ የሚነገረው ከሆነ እንደ ውድቀት ይቈጥረዋልና።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች።

1. ከላይ የተነገረው አይሮፕላን 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከኋላው ቢመጣለት 840 ኪሎ ሜትሩን በስንት ጊዜ ይጨርሳል?
2. ነጂ የሚያውቀውን ነገር ስለ ምን ከጽሑፍ ያነባል?
3. ምርመራው ከገንዘቡ መቅደም ያለበት ስለ ምንድን ነው?