አሮጌው ስልካችሁ ገና አላበቃለትም

አሮጌ ስልክ የያዘ ሰው ካፌ ሲገባ ከሜኑው በፊት ግድግዳውን ያያል፤ ሶኬት ፍለጋ። ቻርጀር ከቦርሳው፣ ፓወር ባንክ ከኪሱ አይለይም። በቴሌብር የሚከፍለው፣ ታክሲ የሚጠራው፣ ከሰው የሚገናኘው በዚያችው ስልክ ስለሆነ ባትሪው ሲያልቅ የቀኑ ጉዳይ ሁሉ አብሮ ይቆማል። አዲስ እንዳይገዛ ዋጋው አይቀመስም። ታዲያ «ባትሪህን ምን ጨረሰው?» ብትሉት መልሱ አጭር ነው፦ «አርጅቷል፣ በቃ።» ይህን መልስ ቶሎ አትቀበሉ። ዕድሜ አንዱ ተጠርጣሪ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም፤ ጥፋተኛውን ለመለየት ደግሞ ቴክኒሺያን መሆን አያስፈልግም።

አነቃቂ ንግግር የምናደርግ ሰዎች ሰውን ከባትሪ ጋር ማመሳሰል እንወዳለን፤ «ራስህን ቻርጅ አድርግ» ማለት ይቀናናል። ዛሬ ግን የማወራው ስለ ባትሪው ስለራሱ ነው። ከማማረር በፊት መለካትን ለመልመድ ከስልካችሁ የቀረበ መሣሪያ አታገኙም። ወጪ የለውም፤ መልሱም በሁለት ሌሊት ይደርሳችኋል።

መለካት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማየት እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የሆነውን አስታውሱ። አይፎን 6ኤስ የያዘ አንድ ተራ ተጠቃሚ ስልኩ ቢንቀራፈፍበት ባትሪውን አስቀየረ። ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ፍጥነቱን በመለኪያ አፕ ለክቶ ነበርና ልዩነቱን ለሰው አሳየ፤ አዲስ ባትሪ ሲገባለት የስልኩ ፍጥነት ተመልሷል። ሌሎችም ለኩ። ብዙም ሳይቆይ አፕል ባትሪያቸው የደከመ ስልኮች በድንገት እንዳይጠፉ በሚል ፍጥነታቸውን በሶፍትዌር ይቀንስ እንደነበር አመነ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ባትሪ የማስቀየሪያ ዋጋውንም ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ። በቀጣዩ ዓመት የባትሪውን ጤንነት የሚያሳይ ገጽ በአይፎን ሴቲንግ ውስጥ ተጨመረ። ያን ሁሉ ያስነሣው ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ነው። ስንቱ ግን «አርጅቷል» ብሎ አዲስ ገዝቶ ነበር!

እናንተም ሁለት ቁጥር ይበቃችኋል። ማታ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፣ ከቻርጀሩ ንቀሉት፣ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ፐርሰንቱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ተኙ። ጠዋት የቀረውን አንብቡ። በማግስቱ ማታ ኤርፕሌን ሞዱን አጥፉና ሁሉም ነገር እንደወትሮው ሆኖ ያንኑ ድገሙ። በመጀመሪያው ሌሊት ጥቂት ብቻ ወርዶ በሁለተኛው ብዙ ከወረደ ዋናዎቹ ተጠርጣሪዎች ኔትወርክና አፖች ናቸው። በሁለቱም ሌሊት ክፉኛ ከወረደ ግን ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ውስጥ ለውስጥ አንድ ነገር ሲሠራ ያድራል። ሳትነኩት የቆየው ስልክ ሞቅ ብሎ ካገኛችሁት ሁለተኛውን ጠርጥሩ፤ ሥራ የፈታ ስልክ አይሞቅም።

ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ «ባትሪ» የሚለውን ክፈቱ። አንድሮይድም አይፎንም የትኛው አፕ ምን ያህል እንደበላ በተራ ያሳያሉ። ለሰዓታት ያፈጠጣችሁበት ዩቲዩብ ወይም ቲክቶክ አንደኛ ቢወጣ አይግረማችሁ፤ እሱን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ። ሊያስደነግጣችሁ የሚገባው ሳትከፍቱት የዋለው አፕ ከላይ ሲቀመጥ ነው። ያንን አፕ ከበስተጀርባ እንዳይሠራ ከልክሉት፤ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ደግሞ አጥፉት። ቴሌግራም ላይ ስፍር ቁጥር የሌለው ቻናል ተቀላቅለን ፎቶና ቪዲዮው ሁሉ በራሱ እንዲወርድ የፈቀድን ብዙዎች ነን። ይህን ፈቃድ አንሡ፤ ከባትሪው ሌላ የዳታ ጥቅላችሁም ይተርፋል።

ኔትወርክን ግን ከማንም በላይ ጠርጥሩት እላለሁ፤ በዝርዝሩ ላይ ስሙ እንደ አፕ ጎልቶ አይታይምና። ስልክ ምልክቱ ሲደክምበት ከማማው ጋር ለመነጋገር የሚልክበትን ኃይል ይጨምራል፤ ጭራሽ ሲጠፋበት ደግሞ ደጋግሞ ይፈልጋል። ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 በኢትዮጵያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንዱን የቴሌ፣ አንዱን የሳፋሪኮም አድርጎ ሁለት ሲም መያዝ ተለምዷል። ከከተማ ወጥታችሁ አንደኛው መስመር በማይደርስበት አካባቢ ስትጓዙ ያ ሲም በከንቱ ሲያስስ ይውላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ለጊዜው ዝጉት፤ ሲሙን ማውጣት አያስፈልግም።

ጥቁሩ ገጽታ (ዳርክ ሞድ) ባትሪ ይቆጥባል የሚባለው እውነትነቱ በስክሪኑ ዓይነት ይወሰናል፦ ኦሌድ ስክሪን ካላችሁ ይቆጥባል፣ በኤልሲዲ ላይ ግን ፋይዳው ኢምንት ነው። አፖችን ሁሉ እያንሸራተቱ የመዝጋት ልማዱንም ተዉት፤ በየቀኑ የምትጠቀሙበትን አፕ ከዜሮ ማስነሣት ራሱ ጉልበት ይበላል። «ባትሪውን እስከ ዜሮ ጨርሰህ ሙላ» የሚለው ምክር ከኒኬል ካድሚየም ባትሪ ዘመን የቀረ ነው። የዛሬው ሊቲየም ባትሪ ባዶ መሆንን አይወድም፣ መቶ ላይ ተሰክቶ ሲግል መዋልንም አይወድም።

ከሁሉ የሚጠላው ሙቀት ነው። አፕል ስልኮቹ ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት ውስጥ ከቆዩ የባትሪው አቅም ላይመለስ ሊጎዳ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ሰመራ ወይም ድሬዳዋ ያላችሁ፣ ዱባይና ሪያድ የምትሠሩ ወገኖች፣ ስልኩን መኪናው መስታወት ሥር ትታችሁ አትውረዱ።

ሁሉን አድርጋችሁም ሃያና ሠላሳ ፐርሰንት ላይ እያለ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ያኔ ዕድሜን መክሰስ ትችላላችሁ። ከአይፎን 15 ጀምሮ የመጡት በ1000 ሙሉ የቻርጅ ዑደት፣ እስከ 14 ያሉት ደግሞ በ500 ዑደት ከመጀመሪያ አቅማቸው 80 በመቶውን እንዲይዙ ነው የተሠሩት። ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሹን ብትሞሉ አንድ ዑደት ይቆጠራል፤ ስለዚህ በየቀኑ ሙሉ የሚጨርስ ሰው 500ውን ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ይደርስበታል። ያረጀው ታዲያ አንድ ዕቃ ነው፣ እሱም ይቀየራል። ኮፒ ባትሪ በዝቷልና ዋስትና የሚሰጣችሁን ጠጋኝ ምረጡ። የስልኩ ጀርባ አብጦ ካያችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ቻርጅ ማድረጉን አቁሙ፤ አትጫኑት፣ አትብሱት፣ ባለሙያ ያውጣው። አዲስ ስልክ መግዛትን የምደግፈው የደኅንነት ማሻሻያ መቀበል ባቆመ ስልክ የባንክ ሥራ ለምትሠሩ ብቻ ነው።

የራሳችሁን ስትጨርሱ የእናታችሁን ስልክ ተቀበሉና እዩላቸው። ለዓይናቸው እንዲመች ብርሃኑን እስከ ጥግ ከፍተውት ከሆነ ፊደሉን አተልቁላቸው፣ ብርሃኑንም ቀንሱላቸው።