ወደ ትምህርት የተመለሰው ወታደር

ከኢሉባቦር ደጋ የሚወርደው የባሮ ወንዝ በጋምቤላ ከተማ አጠገብ አልፎ ወደ ኢታንግ ይሄዳል። በድንበሩ ላይ ከፒቦር ወንዝ ጋር ሲገናኝ ስሙ ይለወጥና ሶባት ይባላል፤ ሶባትም ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። በቀድሞ ዘመን ክረምት ሲሆን ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች በዚሁ ውሃ እስከ ጋምቤላ እየመጡ ሸቀጥ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር።

ይህ ውሃ ከሚወርድበት አገር አንድ ሰው በ1983 ወደ ኢታንግ አካባቢ መጣ። (በዚህ ንባብ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) ሰውዬው ኮሎኔል ነበረ፤ ደግሞም ዶክተር ነበረ፤ ይኸውም ሕመምተኛ የሚያክም ሳይሆን በትምህርት ታላቁን ማዕርግ ያገኘ ማለት ነው። ስሙም ጆን ጋራንግ ይባላል።

ጋራንግ በ1945 በደቡብ ሱዳን ከዲንቃ ወገን ተወለደ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላው እናትና አባቱ ሞቱበት። አንድ ዘመዱ ግን የትምህርት ቤቱን ክፍያ እየከፈለ በዋውና በሩምቤክ አስተማረው። የዚህ ዘመድ ስም በታሪክ ብዙ አይነሣም፤ ነገር ግን ያለ እርሱ ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ ባልሆነም ነበር።

በ1962፥ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው፥ የደቡብ ሰዎች ከካርቱም መንግሥት ጋር ይዋጉ ነበርና ትምህርቱን ትቶ ወደ ዐማፅያኑ ገባ። አለቆቹ ግን ልጅነቱን አይተው እርሱንና እኩዮቹን ሄደው እንዲማሩ መከሯቸው። ለመዋጋት ለተነሣ ጎበዝ ይህ ምክር መራራ ነው፤ እንደ ስድብም ሊቈጠር ይችላል። ጋራንግ ግን ተቀበለው። በአገሩ ጦርነት ስለ ነበረ ወደ ታንዛንያ ሄዶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጸመ፤ ከዚያም ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ በአሜሪካ በአዮዋ ግዛት ግሪኔል በሚባል ኮሌጅ ተማረና በ1969 ተመረቀ። በካሊፎርንያ ትምህርቱን እንዲቀጥል ተጋብዞ ሳለ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተመለሰ፤ በዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ስለ እርሻ ጥቂት ካጠና በኋላም ወደ ጫካ ገብቶ ወታደር ሆነ።

በ1972 በአዲስ አበባ የሰላም ውል ተፈረመ። ዐማፅያኑ ከመንግሥቱ ጦር ጋር ሲቀላቀሉም ጋራንግ ሻምበል ተባለ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ደመወዝ አለው፥ ማዕርግ አለው፥ ሲያልፍ ወታደር ሰላምታ ይሰጠዋል፤ ከእንግዲህ ደብተር ይዞ ከተማሪዎች ጋር መቀመጥ ለምን ያስፈልገዋል? በአገራችን ቅኔ ቤት ጢሙን ያሳደገ ሰው ከትንንሽ ልጆች መካከል ተቀምጦ ሲማር ይታያል፤ ሕፃኑ ቀድሞት ይመልሳል፥ እርሱም አቀርቅሮ ይሰማል። የቆሎ ተማሪን ረሀብና የመንደር ውሻ ያስቸግሩታል፤ ለሸመገለው ተማሪ ግን ከሁለቱም ይልቅ ይህ ይከብደዋል።

ጋራንግ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ከጦሩ የአራት ዓመት ፈቃድ አግኝቶ ወደ አዮዋ ተመለሰ። አዮዋ ብርዱ ሲመጣ በረዶ የሚለብስ፥ ሙቀቱ ሲመለስ በቆሎ የሚሸፍነው አገር ነው። በዚያ ባለው የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ስለ እርሻና ስለ ሀብት አያያዝ ተምሮ በ1981፥ ዕድሜው ሠላሳ ስድስት ገደማ ሲሆን፥ ዶክተር ተባለ።

ለመመረቂያ የጻፈው መጽሐፍ ስለ ትውልድ አገሩ ነበረ። በዚያ ዘመን ሱዳንና ግብፅ ጆንግሌይ የሚባለውን ቦይ ያስቈፍሩ ነበር። የነጭ ዓባይ ውሃ ሱድ በሚባለው ታላቅ ረግረግ ውስጥ ተበትኖ ብዙው በፀሐይ ይተናል፤ ቦዩ ግን 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተቈፍሮ ውሃውን ከረግረጉ ውጭ አሳልፎ ወደ ሶባት አፍ፥ የባሮ ውሃ ወደሚደርስበት ስፍራ፥ እንዲያወርደው ታስቦ ነበር። ጋራንግ በመጽሐፉ የመረመረው በዚያ አካባቢ የሚኖረው የገጠር ሕዝብ በምን መንገድ ሊለማ እንደሚችል ነው። ውሃው ወደ ሰሜን ሲፈጥን፥ በረግረጉ ሣር ከብቱን የሚያሰማራ ሰው ምን ያገኛል? ይህ ጥያቄ የወታደር አይመስልም፤ ነገር ግን ከወታደር ወጣ።

ተማሪው ወደ አገሩ ተመልሶ ለጦር መኰንኖች አስተማሪ ሆነ፤ ሰላሙ ግን አልቆየም። በ1983 በግንቦት ወር በቦር የነበሩት የደቡብ ወታደሮች ሲያምፁ ኮሎኔል ጋራንግ ከእነርሱ ጋር ሆነ፤ ወደ ኢትዮጵያም ተሻግሮ በጋምቤላ ምድር ሠራዊቱን አቋቋመ። ስለ ልማቱ የጻፈለት አገር የጦር ሜዳ ሆነ። ቦዩን ይቈፍር የነበረው ታላቅ መኪናም በ1984 ሥራውን አቆመ፤ ዝጎ በሜዳ ላይ ቀረ።

ከ1987 ጀምሮ ብዙ ሺህ ወንዶች ልጆች ያለ ወላጅ በእግራቸው ከሱዳን እየሸሹ መጥተው በጊሎ ወንዝ ዳር በፒኝዶ ሰፈሩ። በመንገድ ረሀብና አውሬ ብዙዎቹን አጥፍቷቸው ነበር። በፒኝዶ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይማሩ ነበር፤ ደብተር ስላልነበራቸው ፊደሉን በጣታቸው በአፈር ላይ ይጽፉ፥ ያጠፉ፥ ደግሞም ይጽፉ ነበር። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ግን ወደ ጦር ማሠልጠኛ ተወሰዱ። ይህ የሚሸሸግ ነገር አይደለም፤ በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ ነህ ተብሎ ከጫካ ወደ ትምህርት የተመለሰው ሰው የሚመራው ሠራዊት ከዚያ ዕድሜ በታች የሆኑትን ልጆች ጠመንጃ አስያዘ። የጋራንግን ትምህርት የሚያመሰግን ሁሉ ይህንንም አብሮ ማንበብ ይገባዋል።

በ1991 (በእኛ በ1983 ዓ.ም.) በኢትዮጵያ መንግሥት ሲለወጥ የፒኝዶ ልጆች እንደ ገና ሸሹ። የጊሎ ወንዝ ሞልቶ ነበር፤ ከኋላቸው ተኩስ፥ በውሃው ውስጥ አዞ ነበረ፤ ብዙዎቹም ሰጠሙ። የተረፉት በ1992 ኬንያ፥ ካኩማ ወደሚባለው ሰፈር ደረሱ።

ጋራንግ በጥር 2005 የሰላሙን ውል ፈረመ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መጨረሻ የተሳፈረበት ሄሊኮፕተር ወድቆ ሞተ። ከካኩማ ልጆች ከሦስት ሺህ የሚበልጡት ከ2000 መጨረሻ አንሥቶ ወደ አሜሪካ ተወሰዱ። ጠመንጃ ይዘው የነበሩም በመካከላቸው ነበሩ። ቀን በፋብሪካና በሱቅ እየሠሩ ማታ የተማሩ፥ በዩኒቨርሲቲም የተመረቁ ከእነርሱ ወጡ። ወደዚያ አገር ሲገቡ የልደታቸው ቀን ተጠየቁ፤ የሚነግራቸው እናት አልነበረችምና ለብዙዎቹ ጥር 1 ቀን ተብሎ ተጻፈላቸው። ስለዚህም በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ ሆነው ሲቀመጡ የሁሉም ልደት በአንድ ቀን ይውል ነበር፤ ማን ታላቅ ማን ታናሽ እንደ ሆነም በትክክል የሚያውቅ አልነበረም።