ለንብ ቀፎ የሳር ክዳን አሠራር

የትምህርቱ ዓላማ፦ ሞዴል አርሶ አደሮች በአካባቢያቸው በሚገኝ ቁሳቁስ ለቀፏቸው ተነሺ የሳር ክዳን ሠርተው ክረምት ከመግባቱ በፊት እንዲሸፍኑ ማስቻል።

1. ክዳን ለምን ያስፈልጋል?

የጥቅምት ማር የሚወሰነው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አደይ አበባ ሲፈነዳ ጥሩ ማር የሚሰጠው ክረምቱን በደህና ያለፈ፣ ብዙ ሠራተኛ ንብ ያለው ቀፎ ነው። ውሃ የገባበት ቀፎ እንጀራው ይሻግታል፣ እጩ በብርድ ይጎዳል፣ ንቦቹም ጥለው ሊሄዱ ይችላሉ።

ባለፈው ክረምት ለክትትል በወጣሁበት አንድ ጓሮ፣ ባለቤቱ ቀፎውን በላስቲክ ጥብቅ አድርገው ጠቅልለውት ነበር። ከላይ ዝናብ አልገባም፤ ስንከፍተው ግን ውስጡ አልቦት ይንጠባጠባል፣ የዳር እንጀራዎቹም ሻግተዋል። ንቦች ከአበባ ያመጡትን ፈሳሽ ማር የሚያደርጉት ውሃውን በማትነን ነው፤ ይህ እርጥበት መውጫ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥሩ ክዳን ዝናብ ይከለክላል፣ እርጥብ አየር ግን ያስወጣል።

2. የሚያስፈልጉ ቁሳቁሶች

• ሸንበቆ ወይም ቀጥ ያለ ቀጭን እንጨት
• የደረቀ ረጅም ሳር (ፍሬው አይጥ ስለሚስብ ይራገፍ)
• ልጥ ወይም ሲባጎ፣ ማጭድ፣ ሜትር

ፀረ ተባይ የነካው ላስቲክ ወይም ከረጢት ፈጽሞ አይጠቀሙ።

3. አሠራር

1ኛ. የቀፎውን ርዝመትና ስፋት ይለኩ፤ በአራቱም በኩል 20 ሳ.ሜ ይጨምሩ።
2ኛ. በዚህ ልክ እንደ ቤት ጣሪያ በሁለት በኩል ተዳፋት ያለው ማዕቀፍ ይሥሩ።
3ኛ. ሳሩን በትንሽ በትንሹ እያሰሩ ከታች ወደ ላይ ይክደኑ። የላዩ የታቹን በግማሽ ይደርብ፤ ውፍረቱ 10 ሳ.ሜ ያህል ይሁን።
4ኛ. አናቱን በሁለቱም ወገን በሚታጠፍ ሳር ደርበው ይሰሩ።
5ኛ. ቀፎ ላይ ሳያወጡ ይፈትኑ። መሬት ላይ ደረቅ አመድ በትነው ክዳኑን ከላዩ ያስቀምጡና አንድ ባልዲ ውሃ በቀስታ ያፍስሱ። ከሥሩ ያለው አመድ ከረጠበ ሳር ይጨምሩ።
6ኛ. አመሻሽ ላይ፣ ንቦች ከገቡ በኋላ፣ ይክደኑ። በቀፎውና በሳሩ መካከል 5 ሳ.ሜ ያህል የአየር ክፍተት ይተዉ፤ መግቢያቸውን አይሸፍኑ። ነፋስ እንዳይወስደው ከመደቡ ጋር ይሰሩት።

ቀፎው ራሱ ወደ መግቢያው በኩል ትንሽ ያዘንብል፤ የገባ ውሃ ይወጣል።

4. ቆርቆሮ ለሚጠቀሙ

ቆርቆሮ ዝናብ ቢከለክልም በበጋ ይግላል፤ ሙቀቱ እንጀራውን አለስልሶ ሊያወርደው ይችላል። ከላዩ ሳር ይደርቡበት።

5. ክትትል

በየ15 ቀኑ ክዳኑን አንስተው አይጥ፣ እንሽላሊት፣ ሸረሪትና ጉንዳን አለመኖሩን ይዩ። የበሰበሰ ሳር በየዓመቱ ይቀየር።

የተግባር ሥራ፦ እያንዳንዱ ሠልጣኝ እስከ ግንቦት 30 አንድ ክዳን ሠርቶ በአመድ ይፈትን፤ ለሁለት ጎረቤቶቹም ያሳይ።