ሬዚደንቶችና ኢንተርኖች ከሴሚናር እንዳይቀሩ ምን ይደረግ?

በማስተማሪያ ሆስፒታል የሴሚናሩ ክፍል ባዶ ሲሆን ቶሎ የሚታሰበው መፍትሔ ማስፈረም ነው። ፊርማ ወንበር ይሞላ ይሆናል፤ ሐሳቡ ዋርድ የቀረን ሐኪም ግን አያስተምርም። ብዙዎቹ የሚቀሩት መማር ጠልተው ሳይሆን በሽተኛውን ለማን እንደሚተዉ ቸግሯቸው ነው። ስለዚህ የክፍል ኃላፊዎችና ቺፍ ሬዚደንቶች፣ ሥራውን ከዋርድ ጀምሩ።

መጀመሪያ የቀሩትን ጠይቁ። በዚያ ሰዓት ምን ሲሠሩ እንደነበር ስማቸውን ሳይጽፉ በወረቀት ያስቀምጡ። ናሙና ላቦራቶሪ ማድረስ፣ ደም ማምጣት፣ የመውጫ ወረቀት መጻፍ የሚሉ መልሶች ከበዙ እንቅፋቱ ታወቀ ማለት ነው።

ከዚያ ሰዓቱን አስከብሩ። ከሁሉ የሚከብደውም የሚጠቅመውም ይኸኛው ነው። በእንግሊዝ አገር ባሉ ብዙ ሆስፒታሎች ጀማሪ ሐኪሞች ሲማሩ የጥሪ መሣሪያቸውን ሌላ ሰው ይይዝላቸዋል። እዚህም አንድ ሲኒየር ወይም የበላይ ሬዚደንት በየሳምንቱ ተራ ገብቶ ስልኩንና ዋርዱን ይረከብ። ተረካቢው ሳይደርስ ማንም አይውጣ፤ በሽተኛ ያለ ሐኪም መቆየት የለበትም። አጣዳፊ ያልሆነ ጥሪ እስከ ሴሚናሩ መጨረሻ እንዲቆይ ለነርሶች አስቀድማችሁ አሳውቁ። ኃላፊው ራሱ በዚያው ሰዓት ራውንድ ከጀመረ ግን የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ዲዩቲ ያደረውንም አትጥሩት፤ ይተኛ፣ ማስታወሻው ይላክለት።

ትምህርቱ ከማታው በሽተኛ ይነሳ። ስኳር ያለበት ሰው በኬቶአሲዶሲስ ገብቶ ከሆነ፣ ፖታሲየሙ ሳይታወቅ ኢንሱሊን ቢጀመር ምን ሊከተል እንደሚችል ጠይቁ። ሁሉም መልሱን በወረቀት ይጻፍ፤ ውይይቱ ከዚያ ይቀጥል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ያነበቡትን ራሳቸውን ፈትነው ያስታወሱ ተማሪዎች ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ከሳምንት በኋላ ብዙ ይዘው ተገኝተዋል። በስላይድ ላይ የተጻፈውን ማንበብማ ማንም እቤቱ ይችላል።

ኢንተርን አቁሞ በሰው ፊት ማሳፈር ይቅር። አንዴ የተዋረደ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ፈልጎ ይጠፋል፤ አይፈረድበትም። ሲኒየሩ «ይኼን እኔም እርግጠኛ አይደለሁም፣ አብረን እንየው» ሲል የሰማ ጀማሪ ግን ያልገባውን መጠየቅ ይጀምራል።

ሻይና ዳቦ ከተገኘ መልካም ነው፤ በተለይ ሳይቀምስ ለዋለ።

በወሩ መጨረሻ የቀሩትን በዋርድ ለይታችሁ ተመልከቱ። ቀሪዎቹ የአንድ ዋርድ ብቻ ከሆኑ የዚያን ዋርድ የተረካቢ ተራ አስተካክሉ፤ ከየዋርዱ ከሆኑ ደግሞ ሰዓቱን ወይም የማስተማሪያ መንገዱን ለውጡ።