በጨው ባሕር ዳርቻ የተማሩ ልጆች

በዚህ ትምህርት የምናነበው ስለ ሩቅ አገር ነው። ነገሩ ግን ከእኛው ደጃፍ ይጀምራል። ከፀዳ ተነስቶ ለትምህርት ጎንደር፣ አዲስ አበባ የሚሄድ ልጅ አለ። ባሕር የሚሻገርም አለ። ልጅ ሲሄድ ወላጅ ሦስት ነገር ይጠይቃል። የት ይኖራል? ምን ይበላል? ምን እየሠራ ይማራል? አራተኛው ጥያቄ ግን በልብ ይቀራል። ተመልሶ ሲመጣ ያውቀኝ ይሆን ወይ? የሚል ነው።

እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዘን፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. ወደ ኩባ ስለ ተላኩት የኢትዮጵያ ልጆች እናንብብ።

1. አገሩ የት ነው?

ኩባ የደሴት አገር ነው። ደሴት ማለት ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት ነው። በጣና ውስጥ ያሉትን ደሴቶች አስቡ። ኩባ ግን ትልቅ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የሚገኘውም በአሜሪካ አህጉር አጠገብ፣ በካሪቢያን ባሕር ነው። ፀዳ ላይ ጀምበር ስታዘቀዝቅ እዚያ ገና ረፋድ ነው። እኛ ከብት ስናስገባ እነሱ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው።

ዋና ከተማው ሐቫና ይባላል። የባሕር ወደብ ነው። በከተማውና በባሕሩ መካከል ማሌኮን የሚባል ረጅም የድንጋይ ግንብ አለ። ርዝመቱ 7 ኪሎ ሜትር ያህላል። ግንቡ ሞገድ ይከላከላል። ማታ ማታ ሕዝቡ እዚያ ላይ ተቀምጦ ነፋስ ይቀበላል።

ከዋናው ደሴት በስተደቡብ አንዲት ትንሽ ደሴት አለች። ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ስሟ የወጣቶች ደሴት ነው። ስፋቷ 2,200 ኪሎ ሜትር ካሬ ገደማ ነው። ጣና ሐይቅ ከእሷ ይሰፋል። የእኛ ልጆች መጀመሪያ የገቡት ወደዚች ደሴት ነው።

2. ለምን ሄዱ?

በሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ኩባ ወታደሮቿን ልካ ከኢትዮጵያ ጎን ተዋጋች። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ተገኘ። ጦርነቱ ግን ብዙ አባት በልቷል። አባት የሌለው ልጅ ማን ያሳድገው? ኩባ ልጆቹን ተቀብዬ ላስተምር አለች። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ተላኩ። ከእነሱም መካከል ወላጆቻቸውን በጦርነቱ ያጡ ብዙዎች ነበሩ። በደሴቲቱ ካሉት ትምህርት ቤቶች አንዱ ካራማራ ተብሎ ተሰየመላቸው።

እዚያ የነበሩት የእኛ ልጆች ብቻ አልነበሩም። የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የናሚቢያና የጋና ልጆችም ነበሩ። እያንዳንዱ አገር የራሱ ትምህርት ቤት ነበረው። መግባቢያቸው ስፓኒሽ የሚባል ቋንቋ ነው።

3. ቀኑ እንዴት ይውላል?

ምግቡ፣ ልብሱ፣ ማደሪያው፣ ሕክምናው በነጻ ነበር። ነገር ግን ተቀምጦ መብላት የለም። ቀኑ ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ለትምህርት፣ ግማሹ ለሥራ ነው። ከፊሎቹ ጠዋት ክፍል ሲገቡ ሌሎቹ እርሻ ይወርዳሉ። ከምሳ በኋላ ይለዋወጣሉ።

እርሻው የብርቱካን ዘመዶች የሚበቅሉበት ነው። በተለይ ግሬፕፍሩት የሚባል ፍሬ አለ። ከብርቱካን ይተልቃል፣ መረር ይላል። ልጆቹ ያርማሉ፣ ይኮተኩታሉ፣ ሲደርስም ይለቅማሉ። ፍሬው ለውጭ ገበያ ይሸጣል።

ይህ ለእኛ ልጅ እንግዳ ነገር ነው? አይደለም። የገበሬ ልጅ ጠዋት ከብት አግዶ ከሰዓት ይማራል። ልዩነቱ አንድ ነው። እዚያ ሥራው ከትምህርቱ ጋር ታስቦ፣ ሰዓት ተለክቶለት ተሰጠ። ሥራው ትምህርቱን አይበላበትም። በእኛ አገር ግን በአጨዳ ወራት ስንት ልጅ ከክፍል ይቀራል? እያንዳንዳችሁ በቤታችሁ ቁጠሩት።

ምግቡ ሩዝና ጥቁር ባቄላ የመሰለ አደንጓሬ ነው። ጤፍ እዚያ አይበቅልም። እንጀራ የለም። አንድ ልጅ ከቤቱ ሲርቅ መጀመሪያ የሚናፍቀው እንጀራ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም።

4. ፀሐዩና ጨዉ

የባሕር ዳርቻ አገር ለምን ይሞቃል? ምክንያቱ ዝቅታው ነው። ፀዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። መሬት በ1,000 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ቅዝቃዜው በ6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ከእኛ አገር ወደ ባሕር ዳርቻ የወረደ ሰው ብዙ ሙቀት ይጨመርበታል። ለአረም ሁመራ ወይም መተማ የወረደ ሰው ይህን ያውቃል። ደጋ የለመደ ሰውነት መጀመሪያ ይዝላል፣ ራስ ያዞራል፣ ላብ ያጠልቃል።

በላብ የሚወጣው ውሃ ብቻ አይደለም፤ ጨውም ይወጣል። ስለዚህ በሙቀት አገር የሚሠራ ሰው ጥም ሳይጠብቅ ንጹሕ ውሃ ቶሎ ቶሎ መጠጣት አለበት። ምግቡም ጨው ይኑረው። ጭንቅላቱን ይሸፍን። ቀትር ላይ ጥላ ይያዝ።

የባሕር ውሃ ግን አይጠጣም። የጣና ውሃ ጨው የለውም፤ የባሕር ውሃ ጨው ነው። ለምን? ወንዞች ከአለትና ከአፈር ጥቂት ጥቂት ጨው እያጠቡ ወደ ባሕር ይወስዳሉ። ፀሐይ ውሃውን ወደ ሰማይ ታተንነዋለች። ጨዉ ግን አይተንም፤ እዚያው ይቀራል። ይህ ለብዙ ሚሊዮን ዓመታት ሲሆን ባሕሩ ጨው ሆነ። እሱን የጠጣ ሰው ጥሙ ይብስበታል። ሰውነቱ ጨዉን ለማውጣት የራሱን ውሃ ይጨርሳልና።

ባሕር ቁጣም አለው። ከሰኔ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በኩባ ከባድ አውሎ ነፋስ ይነሳል። ጣራ ይገነጥላል፣ ዛፍ ይነቅላል። ስለዚህ ሕዝቡ ማስጠንቀቂያ ሲሰማ ወደ ጠንካራ ቤት ይሸሻል።

5. ደብዳቤው

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ያኔ ስልክ በየቤቱ አልነበረም። የልጅና የወላጅ መገናኛ ደብዳቤ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. በፊት ደግሞ በአገራችን ከ100 ሰው ከ90 በላይ የሚሆነው ማንበብ አይችልም ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ልጆቹ ባሕር ሲሻገሩ ብዙ እናት ፊደል አልቆጠረችም ማለት ነው።

እስቲ አስቡት። ደብዳቤ ይመጣል። እናት ይዛው አንባቢ ፍለጋ ትሄዳለች። አንባቢው ጎረቤት ነው፤ ወይም ተማሪ ነው፤ ወይም ቄሱ ናቸው። ልጁም ይህን ያውቃል። ሌላ ሰው እንደሚያነብበው እያወቀ እንዴት የልቡን ይጽፋል? ታምሜ ነበር አይልም። ናፍቄያለሁ፣ ከፍቶኛል አይልም። «ደኅና ነኝ፤ እናንተስ ደኅና ናችሁ ወይ?» ብሎ ይዘጋል። እናትም መልሱን በሰው እጅ ስታስጽፍ የቤቷን ችግር ትሸሽጋለች። በሁለቱ መካከል ደብዳቤው ይመላለሳል፤ ነገራቸው ግን አይደርስም።

ኩባ ራሷ ይህን ችግር አይታዋለች። በ1953 እና በ1954 ዓ.ም. ትልቅ የማንበብና የመጻፍ ዘመቻ አካሂዳለች። 100,000 ያህል ወጣት ተማሪዎች ፋኖስና መጽሐፍ ይዘው ወደ ገጠር ወጡ። ቀን ከገበሬው ጋር ሠሩ፤ ማታ በፋኖስ ብርሃን አስተማሩ። በአንድ ዓመት ውስጥ 700,000 ያህል ሰው ማንበብ ቻለ።

6. መመለሱ

ከልጆቹ ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሰው በሐቫና፣ በሳንትያጎና በሌሎችም ከተሞች ከፍተኛ ትምህርት ተማሩ። ሐኪም የሆነ አለ፤ መሐንዲስ፣ የእርሻ ባለሙያ የሆነ አለ።

ነገር ግን ዘመን ተለወጠ። በ1983 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መንግሥት ተቀየረ። ያኔ ኩባም ረዳቷን ሶቪየት ኅብረትን አጥታ ተቸገረች። ምግቡ አነሰ፤ መብራት ጠፋ። ተማሪዎቹ በየጊዜው ወደ አገራቸው ተመለሱ። አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ።

የተመለሰው ሁሉ እቅፍ አላገኘም። በልጅነቱ ሄዶ በጉልምስና የመጣ ሰው ቤቱን በምን ያውቀዋል? ወላጅ የሞተበት ነበር። አማርኛው የተሰባበረበት ነበር። ለአማርኛና ለአገራቸው ታሪክ ከኢትዮጵያ መምህራን አብረዋቸው ሄደው ነበር። ያም ሆኖ ቋንቋ በክፍል ብቻ አይጠበቅም፤ ከቤት ጋር በመነጋገር ይጠበቃል። የናት ቋንቋ በናት ደብዳቤ ይለመልማል።

እንግዲህ አራተኛው ጥያቄ መልስ አለው። ልጅ ቢርቅም የሚያውቀን፣ እኛም የምናውቀው፣ በራሳችን እጅ ስንጽፍለት ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ ግድ የለም። ዛሬ ስልክ በዝቷል፤ በስልክም አጭር መልእክት ይጻፋል። ቢሆንም መልእክቱን ሌላ ሰው ካነበበላችሁ ነገሩ ያው ነው። ስትጽፉ እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. ቀኑንና ቦታውን አስቀድሙ።
ለ. ሰላምታውን አታብዙት፤ ወረቀቱን ይጨርሰዋል።
ሐ. የቤቱን ወሬ እንዳለ ጻፉ። ላሟ ወልዳ እንደሆነ፣ ዝናቡ ዘግይቶ እንደሆነ ንገሩት።
መ. ችግር ካለ አትሸሽጉ። ልጁም እንዳይሸሽግ ንገሩት።
ሠ. አንድ ጥያቄ ጠይቁት፤ መልስ የሚጽፈው ያኔ ነው።

አዲስ ቃላት

አህጉር = ብዙ አገሮችን የያዘ ሰፊ የምድር ክፍል
ወደብ = መርከብ የሚቆምበት፣ ዕቃና ሰው የሚወርድበት ቦታ
ሞገድ = ነፋስ የሚያስነሳው የውሃ ማዕበል
መትነን = ውሃ በሙቀት እንፋሎት ሆኖ መውጣት

ጥያቄዎች

1. የባሕር ዳርቻ አገር ከፀዳ ይልቅ የሚሞቀው ለምንድን ነው?
2. የባሕር ውሃ ለምን አይጠጣም?
3. በወጣቶች ደሴት የተማሪዎቹ ቀን እንዴት ይከፈል ነበር?
4. በሌላ ሰው የሚነበብ ደብዳቤ ምን ይጎድለዋል? ተወያዩበት።
5. ከቤት ርቆ ለሚማር ልጃችሁ ወይም ዘመዳችሁ አምስት መስመር ደብዳቤ ጻፉ። ለማንም ሳታሳዩ ላኩት።